ለጣውንቷ ብስክሌት የመረጠችው ሴት

ሰው ለጣውንቱ ብስክሌት ይመርጣል? ኡሙሃኒ መርጣለች። ያውም ደሴ ድረስ ልካ ፍሬም አስመጥታ፣ መቀመጫውን በገዛ እጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ። ቆቦ ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ የለም፤ ግን ሁሉም የሚያወራው ባሏ መንሱር እንዳወራው ነው። «እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት! ወዳ ፈቅዳ ነው ባሏን የዳረችው» ይላሉ። ወዳ! እሳት ይብላቸው እቴ! እኔ አስረሳሽ ሽንኩርትና ቲማቲም የምሸጥበት መደብ ከኡሙሃኒ ዳስ ጋር የተጣበቀ ነው። እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከኔ ስሙ።

ኡሙሃኒ ከብስክሌት መሀል ነው ያደገችው። አባቷ አያ አብዱሰመድ እዚሁ ቦታ ላይ ብስክሌት ያከራዩ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ጉልበታቸው ሲደክም ቁልፉንና መንፊያውን ለሷ ሰጧት። መጀመሪያ ላይ ሰው ጉድ አለ። «ሴት ልጅ ጎማ ስትነፋ!» ብለው ቆመው የሚያዩዋት ነበሩ። ኋላ ቤንዚን ሲጠፋና ባጃጁ ሁሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ሲውል፣ ያ ቆሞ ይስቅ የነበረው ሁሉ ብስክሌት ፍለጋ እሷ ዘንድ መጣ። የኛ አገር ሜዳ ነው፤ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ብትሄዱ ዳገት የሚባል ነገር አያገኛችሁም። ለብስክሌት የተፈጠረ ምድር ነው፣ ሙቀቱ ባይገድል።

ጎማ መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል። የኡሙሃኒ ሙያ ፍሬም መምረጥ ነው። ሰው ይመጣል፣ ዓይኑ ቀለሙ ላይ ያርፋል፤ እሷ ግን ብስክሌቱን ትታ ሰውየውን ነው የምታየው። ጫማውን ታስወልቀዋለች፤ ከዚያ ፍሬሙን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታደርገዋለች። ላይኛው ብረትና ሰውየው መሀል ጭብጥ ካልገባ፣ «ይሄ ያንተ አይደለም፣ አሸዋ ላይ ድንገት ስትወርድ ወንድነትህን ያስረሳሃል» ትለዋለች፤ ገበያው በሳቅ ያልቃል። ይህንን ካለፈ ክርኑን መቀመጫው ጫፍ ላይ አስደግፋ ጣቱ መሪው ጋ ይደርስ እንደሆነ ታያለች። «መቀመጫ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አጥንት ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ» ትላለች። ሴት ስትመጣ ደግሞ እኔን ትጠራኛለች፤ ሻርፔን ዘርግቼ እጋርዳታለሁ፣ እሷ በክር ትለካታለች። የሴት ነገር በሴት እጅ ነው፤ ወንድ አይጠጋም።

አንድ ጊዜ አራጌ የሚባል የማሽላ ነጋዴ መጣ፤ ቁመቱ አጭር ሆዱ ትልቅ። ከሁሉ የሚበልጠውን ፍሬም ያዘና አልለቅም አለ።

«አያ አራጌ፣ ይሄ እኮ ረዝሞብዎታል» አለችው።

«ትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው የሚያምርበት።»

«በቅሎ ቢሆን እሺ፣ የሚያወርድዎት ሰው አይጠፋም። ከዚህ ላይ ማን ያወርድዎታል?»

እምቢ ብሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ገዛ። ከዚያ በኋላ መውረድ ሲፈልግ የሚደገፍበት ግድግዳ እየፈለገ ሲዞር እናየው ነበር። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ቲማቲሜ ላይ እደፋ ነበር፤ ኡሙሃኒ ግን «ተይው፣ ሰው ልኩን ሲነግሩት የተሰደበ ይመስለዋል» ትለኛለች።

አንድ ሕግ ነበራት። እግር ሳታይ ፍሬም አትመርጥም። ከጎብዬ በክር ለክተው የሚልኩ ነበሩ፤ ክሩን መልሳ ትልከዋለች። «ክር አይቆምም፣ ሰውየው ይምጣ» ትላለች። ይህንን ሕጓን ከቆቦ እስከ ዋጃ የማያውቅ የለም። እንዲያውም ሰው ሲከራከር «ኡሙሃኒ ያየችው ነው?» ይባላል፤ «አዎ» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

ወደ ባሏ ልምጣ። መንሱር ሽንኩርት ደላላ ነው፤ ዋጃ በኩል በመስኖ የሚለማ መሬትም አላቸው፣ ሁለቱ ደክመው ያቀኑት። መካን ናት እንዳይል ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለታለች፤ ሰመራ ሥራ ይዘዋል። ነዝናዛ ናት እንዳይል ድምፅዋ ከዳሱ አይወጣም። እኔም ራሴ እወደው ነበር፣ ምን ልዋሽ! ሲመጣ «አስረስ፣ ዛሬስ ቲማቲምሽ እንዳንቺ ቀልቷል» እያለ የሚያስቀኝ ሰው ነበር። ምላሱ ቅቤ ነው። ቅቤ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዱላውን ይዞ መጣ። የራያ ወንድ ዱላውን ጥሎ የት ይሄዳልና፣ ማን ልብ ይለዋል።

«ኡሙ፣ ለመስኖው ዘበኛ ብስክሌት ምረጪልኝ» አላት።

«የቱ ዘበኛ?»

«ረዲ የሚባል አዲስ ልጅ ቀጥሬያለሁ። ከፓምፑ እስከ ሽንኩርቱ በእግሩ ሲኳትን የውሃ ተራችን ያልፈናል።»

«ታዲያ ይምጣና ልየዋ።»

«እሱ ከመጣ ውሃውን ማን ይጠብቃል? ይኸው፣ እግሩን ለክቼ መጥቻለሁ።» ዱላውን አቆመና በቢላ የጫረውን ምልክት አሳያት።

ኡሙሃኒ ሳቀች። ይህችን ሳቅ ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል። «ጫማ አድርጎ ነው አይደል የለካኸው?»

«ምን አውቃለሁ፣ አዎ መሰለኝ።»

«ወንዶች! ስማ፤ ጫማውን ያውልቅ። ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፍ፤ ተረከዙን ይግጠም። ዱላውን በእግሮቹ መሀል አስገብቶ እስከ ላይ ድረስ ያስጠጋው፣ እንዳያፍር። ክንዱንም ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ለክተህ አምጣልኝ።» አንድ በአንድ አስጠናችው፤ እሱም አንድ በአንድ ደገመላት።

በሳምንቱ ዱላው ላይ ሁለት ምልክት ይዞ ተመለሰ። እሷ በክንዷ እያስጠጋች አየችውና ግንባሯን ቋጠረች። «እግሩ ረጅም፣ ክንዱ አጭር። ምን ዓይነት ወንድ ነው?»

«አላህ እንደወደደ ነው የሚፈጥረው» አላት፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ!

እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አልጠረጠርኩም። ማንስ ይጠረጥራል? ልኩ የመጣው በወንድ ዱላ ላይ ነው። የሴት እግር በወንድ ዱላ ሲለካ በራያ ምድር ማን ሰምቶ ያውቃል! በዱላ ላይ የመጣ እግር የወንድ እግር ነው፣ አለቀ። እሷም ሕጓን ለባሏ ብላ አፈረሰች። «እንደዚህ ላለ ሰው ቁመቱ ደህና፣ ርዝመቱ አጠር ያለ ፍሬም ነው የሚሆነው፤ እዚህ አይገኝም» ብላ ለሚያውቋት ሁሉ ደወለች። ደሴ አንድ ሰማያዊ ተገኘና በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መጣ። አጠበችው፣ ቀባችው፣ አዲስ ሰንሰለት አደረገችለት። «ምስኪን፣ በፀሐይ የሚውል ልጅ ነው» እያለች መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ሰፋችለት። እኔ ነኝ መርፌውን ያዋስኳት።

ከዚያ ወራት አለፈ። መንሱር ዋጃ ማደር አበዛ። «ውሃው የሚደርሰን ሌሊት ሆነ» ይላል። እሷም ስንቁን ትቋጥርለታለች።

እንግዲህ በገበያ ቀን፣ እኔ ከአንዲት ባለጌ ገዢ ጋር በሽንኩርት ስጨቃጨቅ፣ ያ ሰማያዊ ብስክሌት ከፊታችን ቆመ። አንዲት ለግላጋ፣ ሂጃብ የለበሰች፣ የጤና ሠራተኛ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ናት የያዘችው። መሪው ላይ አንድ ዘንቢል ፓፓያ ተንጠልጥሏል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እህት ኡሙሃኒ አንቺ ነሽ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ነኝ እህቴ።» ኡሙሃኒ ልጅቷን አላየችም፣ ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ ነው። ፊቷ በራ። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ! የረዲ ነው። ሚስቱ ነሽ?»

«ረዲ ማነው?» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ የኡሙሃኒን ጉልበት ሳመች። «ራዊያ ነኝ። እስካሁን ባለመምጣቴ አፍሬያለሁ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። መንሱር ነው ዛሬ ነገ እያለ ያዘገየኝ። ወላሂ ሳላመሰግንሽ መውለድ አልፈልግም።»

እኔ ሽንኩርቱን አስቀመጥኩት። ገዢዋ የት እንደሄደች አላውቅም።

ልጅቷ ደስ ብሏት ታወራለች። ወንድሞቿ «የትልቋን ፈቃድ ካላየን እህታችንን አንሰጥም» ብለው መንሱርን መልሰውት ነበር። እሱም «ፈቃዷን በቃል ሳይሆን በእጇ ታሳያችኋለች» አላቸው። «አንድ ቀን ዱላውን ልኮ፣ ትልቋ በዚህ ትለካና ብስክሌት ልምረጥላት ብላለች አለን። እናቴ ናት የለካችኝ። ሁለተኛ ስትለካኝማ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ግድግዳ ተደገፊ፣ ተረከዝሽን ግጠሚ ብላለች ትልቋ፣ እንዳታፍሪም ብላለች እያለች ስንስቅ ዋልን። ብስክሌቱ ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ ፈሪድ አየውና፣ ኡሙሃኒ መርጣ ከላከችማ ወዳለች፣ ኒካሁ ይታሰር አለ።»

በስመ አብ! እኔ ክርስቲያኗ አማተብኩ። ኡሙሃኒ ብስክሌቱን ያዘችና «እስቲ ቁሚበት» አለቻት። ልጅቷ እግሯን አንስታ ብረቱን ተሻገረች፤ ስትሻገር በእጇ ሆዷን ደገፍ አደረገች። ኡሙሃኒ ጭብጧን አስገባች፤ ገባ። ክርኗን አስደገፈቻት፤ ጣቷ መሪው ላይ አረፈ።

«ልክሽ ነው» አለቻት። «ልክክ ብሏል።»

ከዚያ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ «ይሄን ብረት ከእንግዲህ እየተሻገርሽ አትውጪ፤ እስክትወልጂ አቁሚው። ዛሬም በሚኒባስ ሂጂ፣ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ይጭኑልሻል» አለቻት። ፓፓያውን ተቀበለች፤ መረቀቻት፤ ልጅቷ በደስታ ሄደች። እኔ እንደ በርበሬ እየተቃጠልኩ ዞርኩባት።

«አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? ለምን ዝም አልሻት?»

«ሆዷ ውስጥ ልጅ አለ፣ መንገድ ላይ ናት» አለችኝ። «ወድቃ ብትቀር ምን እሆናለሁ?» ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብታ፣ ከጎማው ኋላ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷ ሲሞቱ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ደንደሱን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

መንሱር ቤት ሲገባ ጠየቀችው፤ ኋላ ነው የነገረችኝ። አልካደም። «ሸሪዓው ይፈቅድልኛል» አላት።

«ይፈቅድልሃል። ነግረኸኝ ብታገባ አልቅሼ እቀመጥ ነበር። እኔን ለምን አስመረጥከኝ?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ፤ ያላንቺ ፈቃድ ደግሞ አይሰጡኝም። ምን ላድርግ?» አላት። ምን ላድርግ! ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቤት እውነቱን ተናገረ። በማግስቱ ገበያ ወጥቶ «እሷ ራሷ ለክታ፣ መርጣ፣ ድራኛለች» ማለት ጀመረ። ሰውም አመነ፤ ለምን አያምን፣ ኡሙሃኒ እግር ሳታይ አትመርጥማ! ሴቶቹ እየመጡ «አንቺስ የጀነት ነሽ፣ እኔ ብሆን ጎማውን በቢላ ነበር» ይሏታል። ሲያመሰግኗት እየሞተች ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ጠራች። ሁለተኛዪቱን ይፍታት አላለችም፤ መሬቱን ይስጠኝም አላለችም። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ ስንሄድ። «ሰው ፊት፣ አላወቀችም ነበር ይበል። ቤቴ እንደቆመ ይቆማል።»

«እና የሚል ይመስልሻል?»

«ይላል። መንሱር ምላሱ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ይላል፣ ታያለሽ።»

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሸህ ነጅሙዲን ግቢ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ እኔ ምስክር ተብዬ ከኡሙሃኒ ጎን። የራዊያ ታላቅ ወንድም ፈሪድም ከዋጃ መጥቷል፤ ወሬው ደርሶት ጉዳዩን በጆሮው ሊሰማ ነው። መንሱር እሱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ኡሙሃኒ ነገሯን ተናገረች፤ አጭር ነበር። መንሱር ደግሞ «ታውቅ ነበር። ሳታውቅ እንዴት ትመርጣለች?» አለ።

ፈሪድ ጨዋ ሰው ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው የጠየቃት። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ እግር ሳታዪ እንደማትመርጪ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም እህቴን የሰጠሁት ይህንኑ ሕግሽን አምኜ ነው። ካላወቅሽ፣ ሳታዪ እንዴት መረጥሽ?»

«አንድ ጊዜ ነው። ለሱ ብቻ ነው ያደረግኩት።»

እኔ አላስቻለኝም። «እውነቷን ነው! ዘበኛ ነው ብሎ፣ በዱላ ለክቶ አመጣ፣ በዓይኔ አይቻለሁ! እመብርሃንን!» ብዬ ተነሳሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቁጭ በይ አስረሳሽ፣ አንቺ ጓደኛዋ ነሽ» አሉኝ። ጓደኛ እውነት አይናገርም ያለው ማነው? ቁጭ አልኩ፣ ምን ላድርግ።

ሌላኛው ሽማግሌ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ለሰው ሁሉ እምቢ ያልሽውን ለሱ ብቻ እሺ ያልሽው ለምንድን ነው?» አሏት።

ኡሙሃኒ ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የወጣው። «ባሌ ነዋ! ባሌንም እንደ ገበያ ሰው ልጠራጠረው ነበር?»

ፈሪድ አንገቱን ደፋ። ሸህ ነጅሙዲን ብዙ ቤት ያቆሙ፣ ብዙ ቤትም ሲፈርስ ያዩ ሰው ናቸው፤ ያመኗት መሰለኝ። ወደ መንሱር ዞረው በለሆሳስ፣ «ልጄ መንሱር፣ አላህን ፍራ። የምትጠይቅህ አንድ ቃል ነው። አላወቀችም በል። ፈሪድ ይቆጣህ ይሆናል፤ እኛ እንለምንልሃለን። ይቺ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያሞቀችው ቤትህ ናት» አሉት።

መንሱር ፈሪድን አየ። ሸሁን አየ። እሷን አላያትም። አላመነታም፣ አልተንተባተበም፤ አፉ ውስጥ ሲጠብቅ የቆየ ነገር ይመስል ነበር።

«ፈትቻታለሁ» አለ። «በቃ፣ ፈትቻታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ኡሙሃኒ ወደኔ ዞራ «ምን አለ?» አለችኝ። ከሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው የተቀመጠችው፣ ሰምታዋለች። ግን ጠየቀችኝ፤ እኔም በገዛ አፌ ደግሜ ነገርኳት።